የሐኪም ሸራፈት የጉልበት መድኃኒት

ሐኪም ሸራፈት ጠዋት ወንበራቸው ላይ እንደ ቀስት ተለጥጠው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ሞተው ተገኙ። የሃይደራባድን ጉልበት ሁሉ እኔ ነኝ ያቆምኩት ሲሉ የኖሩት ሰውዬ በገዛ የጉልበት መድኃኒታቸው ሄዱ።

ኢንስፔክተር ሩኽሳር ስትደርስ የወንድማቸው ልጅ ዶክተር አንዋር በካቴና ታስሮ ነበር። ትናንት ከአጎቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰፈሩ ሰምቷል፤ ደጅ የተሰበሰበው ሰው ስቅላት እየጠየቀለት ነው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ሆስፒታላችን እንደ እሳቸው ላሉ የዩናኒ ባህላዊ ሐኪሞች ክፍል ሊሰጥ ነው። እርስዎ ግን አይገቡበትም አልኳቸው። ኦፕሬሽን የሚያስፈልጋትን ልጅ ቤት አስቀርተው ገድለዋል።»

«የማንን ልጅ?»

አንዋር ጥያቄውን ዘሎ በአገጩ ወደ አስከሬኑ አመለከተ። «እንዲህ የገተራቸው ጉልበት መድኃኒታቸው ውስጥ የሚገባው የኩችላ መርዝ ነው» አለ።

ሩኽሳር ለሃያ ዓመት መድኃኒት ወደወቀጠችላቸው ወደ ማስቱራ ዞረች።

«አፓ፣ እህቴ፣ ኩችላውን ማን አዘጋጀው?»

«እኔ ነኛ። መራራ ፍሬ ነው፤ ይዘፈዘፋል፣ ይላጣል፣ በወተት ይቀቀላል። መርዙን ወተቱ ይጠጣዋል። የቀቀልኩበት ወተት ያውልሽ፣ ከነድስቱ። ሌላ መርዝ የጨመረባቸው እንደሆነ ዶክተርሽን ጠይቂ።»

ድስቱ ተጋምሷል። ጠርዙ ላይ የድመት ፀጉር ተለጥፏል። ድመቷ ደግሞ መስኮቱ ላይ ጢሟን ትልሳለች።

ኢንስፔክተሯ እስከ ቀትር ድመት ስትጠብቅ አረፈደች፤ ደሞዟ ለዚሁ ይመስል።

«ማዳም፣ ቃሏን ልቀበል?» አለ ፖሊሱ እየሳቀ።

«ሰጥታለች እኮ። ሁሉንም ጥራልኝ።»

ሲሰበሰቡ ድመቷን ታቅፋ ቆመች።

«አፓ፣ መርዙ ወዴት ይሄዳል አልሽኝ?»

«ወደ ወተቱ።»

«ይቺ ጉደኛ ግማሹን ጠጥታዋለች። እንኳን ልትሞት፣ አላስነጠሳትም። ስለዚህ ፍሬው ይህን ወተት አልነካውም። ወተቱን ብቻውን አፍልተሽ ምስክር አደረግሽው፤ ጥሬውን ኩችላ ወቅጠሽ ለሐኪሙ ሰጠሽ። ‹የማንን ልጅ?› ስለው አንዋር የደበቀኝ ስም ያንቺ ነው። የሞተችው ያንቺ ልጅ ናት።»

ማስቱራ አልካደችም። ነጠላ ጫማዋን አስተካከለች።

«ሆዷን ይዛ ስትጮኽ የእጇን ትርታ ዳበሱና፣ ‹ትርታዋ ደህና ነው፣ ሆስፒታል ምን ያደርግላታል› አሉኝ። በማግስቱ ቀበርኳት። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ወቀጥኩላቸው።»

የአንዋር ካቴና ተፈታ።

«ዛሬ ጠዋት ‹አንዋርን ጥሪልኝ፣ ሆስፒታል ይውሰደኝ› ብለው ሲለምኑኝ እጃቸውን ያዝኩ» አለች ማስቱራ።

«ምን አልሻቸው?»

«‹ትርታዎ ደህና ነው› አልኳቸው» አለችና አንጓዋን ለካቴናው ዘረጋች።