«ባዶ» ያለችው ማናት?

ይህን ስታነቡ ግማሻችሁ «ፈጠራ ነው» ብላችሁ እንደምታልፉት አውቃለሁ። እለፉት። እኔ ግን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ፣ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እመኑኝ ብዬ ማንንም አልለምንም።

ትዊላ እባላለሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ኬንታኪ፣ ተራሮቹ መሃል ነው። ነገሩ የሆነው በቀን ብርሃን ነው... ቅዳሜ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት አካባቢ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ቅዠት ነው ብዬ እገላገል ነበር።

ባሌ ዴልበርት የጋዝ ሲሊንደር በየቤቱ ያደርሳል። ተራራው ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ ውሻ ማሰር የሚባል ነገር አያውቁም። አንዱ ውሻ ባቱን ዘነጠለው። ከዚያ በኋላ ከጃኬት ስር የምትደበቅ ትንሽ ሽጉጥ ካልገዛሁ ብሎ ጨቀጨቀኝ።

«አዲሶቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ መጫወቻ ነው የሚመስሉት» ይላል። «እኔ የምፈልገው ብረት ነው።»

«ብረት ከፈለግክ መጥበሻዬን ታጥቀህ ሂድ» አልኩት።

ሳቀ። ያኔ የሚስቀው ገና በራሱ ሳቅ ነበር።

ኦርቪል የሚባሉ ሽማግሌ መንገድ ዳር ያገለገሉ መሳሪያዎች ይሸጣሉ። እሳቸው ዘንድ ሄድን፤ ከባንኮኒው መስታወት ስር አንዲት ሽጉጥ አወጡ። አጭር፣ ወፍራም፣ ሙሉ ብረት። ጥቁር ቀለሟ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተፍቆ ነጥቷል። ዴልበርት ገና ሳይነካት ወደዳት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ መሳሪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ወግ አለው። ሰጪው የጥይቱን ካዝና ያወጣል፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ጥይት እንዳልጎረሰ ያያል፣ ከዚያ «ባዶ» ይላል። ተቀባዩ ቃሉን አያምንም። እሱም ከፍቶ ያያል፣ እሱም «ባዶ» ይላል። አባትሽም ቢሰጥሽ ታያለሽ። ማንም አይቀየምም።

ሰው ደግሞ ለብቻው ሆኖ «ባዶ» አይልም። ቃሉ ለተቀባይ ነው።

ኦርቪል ከፍተው አዩ። «ባዶ» አሉ።

ዴልበርት ተቀበለና አየ። «ባዶ።»

ለኔ አቀበለኝ። አየሁ። «ባዶ» አልኩ።

ከዚያ... ከኋላዬ... ቀስ ያለ የሴት ድምፅ...

«ባዶ።»

ዞርኩ። ግድግዳው ላይ የአጋዘን ቀንድ ተሰቅሏል። ሰው የለም።

«ሬዲዮ ነው» አለ ዴልበርት።

ሬዲዮ አላየሁም። ኦርቪል ቀና ብለው ሳያዩን ሽጉጧን በጨርቅ ጠቀለሉና ገንዘቡን ሳይቆጥሩ ተቀበሉ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤት ገብተን ዴልበርት ዘይት ሲቀባት ሳቅ አለ። «እዪ፣ እጀታዋ የተበላው በተቃራኒው ጎን ነው። የበፊቱ ሰውዬ ግራኝ ነበር ማለት ነው።»

«ታዲያ አንተ ምን ቸገረህ?» አልኩት።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሙቀቷን ነው። ክረምት ነው፣ ውጭው በረዶ ነው፣ መኝታ ቤታችን ደግሞ ማሞቂያው በደንብ አይደርሰውም። ጠዋት መሳቢያውን ስከፍት ብረቷ ትሞቃለች። ልክ አንድ ሰው ይዟት አድሮ አሁን እንዳስቀመጣት።

ቀጥሎ ማንኪያው መጣ።

እራት ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አቅርቤለት ይበላል። ቀና ብዬ ሳይ በግራ እጁ ነው የሚበላው። አንዲት ጠብታ አይደፋም።

«ምነው በግራህ?» አልኩት።

«ምን በግራዬ?»

እጁን አየው። የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ነው ያየው። ማንኪያውን ወደ ቀኙ አዛወረ... ባቄላው ሸሚዙ ላይ ተደፋ።

ሁለታችንም አልሳቅንም።

አርብ ዕለት ጓዳ ገብቼ ልብስ አጥፋለሁ። ከወጥ ቤት ካዝናው ሲወጣ፣ ብረቱ ሲሳብ ይሰማኛል።

«ባዶ» አለ ዴልበርት።

እጄ ላይ ያለው ፎጣ ቆመ። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ለማን ነው የሚለው?

ከዚያ ያቺ ድምፅ መለሰች። «ባዶ።»

እየሮጥኩ ገባሁ። ብቻውን ነው። ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል፣ ሽጉጧ መዳፉ ላይ አለች።

«ለማን ነው የምታቀብለው?» አልኩት።

«ላንቺ ነዋ።» ግራ ገባው። «አሁን እኮ ተቀበልሽኝ።»

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ምሳ እንደበላን ኦርቪል ዘንድ ሄድኩ።

«ሚስተር ኦርቪል፣ ያቺን ሽጉጥ ማን ነበር የያዛት?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሆባርት የሚባል ሰው። ከወንዙ ማዶ ነበር የሚኖረው።»

«ግራኝ ነው?»

«ግራኝ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«እሱማ ምንም አልሆነ። ሚስቱ ናት እንጂ።» ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወጥ ቤት ውስጥ ያቺን ሽጉጥ አቀበላት። ባዶ አላት። እሷ... የዚያን ቀን ከፍታ አላየችም። ቃሉን አምና ባዶ ብላ ተቀበለች።»

«ባዶ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«አውቆ ነው?»

«ፍርድ ቤቱ አላወቀም ብሏል።» እሳቸው ምን እንደሚሉ አልነገሩኝም።

ደሜ ፈላ። «ይህን እያወቁ ለባሌ ሸጡለት?»

«ብረት ነው ብዬ ነዋ፣ ልጄ። ብረት ምን ያውቃል?» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «አምጪያት። አሁኑኑ አምጪያት።»

መኪናዬን እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ስለ ሽጉጧ ግድ አልነበረኝም፣ ባሌን ነው የፈለግኩት። ያ ነገር ጨርሶ ሳይወስድብኝ ልድረስ ብቻ ነበር የምለው።

ዴልበርት ወጥ ቤት መሃል ቆሟል። ፀጉሩን ከወትሮው በተቃራኒው ጎን ከፍሎ አበጥሮታል።

«ዴል፣ ያቺን ነገር ልንመልሳት ነው» አልኩት።

«እሺ» አለ። ቶሎ ነው ያለው። «ውሰጃት።»

ካዝናዋን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ግራ እጁን ዘረጋልኝ።

«ባዶ።»

ብረቱን አልሳበውም...

ካዝናው ወጣ እንጂ የጎረሰችው ጥይት ትኑር አትኑር አላየም። ዴልበርት ደግሞ አንድም ቀን ሳያይ ባዶ ብሎ አያውቅም።

የሚዘገንነው ምን መሰላችሁ? የኔ እጅ ተነሣ። ከልጅነቴ የለመድኩት ወግ ነው፣ ቃሉን ስሰማ እጄ በራሱ ይዘረጋል። አፌም «ባ...» ማለት ጀምሮ ነበር። በሌላው እጄ አንጓዬን ጨምድጄ ያዝኩት።

«ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣት።»

«ባዶ ናት አልኩሽ እኮ።»

ፈገግ ብሏል። ዓይኑ ግን እንባ ያፈሳል። እንባው የባሌ ነው። ፈገግታውን አላውቀውም።

ቀኝ እጁ ቀስ ብሎ መጣና የራሱን ግራ አንጓ ያዘ። ሁለቱ እጆቹ ተናነቁ። ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ፣ ከጉሮሮው ውስጥ፣ ያ የማውቀው ድምፁ በሹክሹክታ ወጣ።

«ትዊላ... አትቀበዪኝ።»

አልተቀበልኩም።

ጆሮዬ ሥር፣ ትንፋሿ እስኪሰማኝ ድረስ ቀርባ... «ባዶ» አለች።

ሽጉጧ ከመዳፉ ተነሣች። አልወደቀችም፣ ተነሣች እላችኋለሁ። ሰው ከሰው እንደሚቀበል፣ በቀስታ። አየር ላይ ቆየት አለች...

ጥይት ጮኸ።

ሆዴን ዳበስኩ፣ ደረቴን ዳበስኩ። ምንም የለም። ዴልበርትም አልተመታም። ፖሊሶች በኋላ ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ ወለሉን ሁሉ ፈተሹ። ጥይቷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ዴልበርት ግን ወደ ፊት ተወረወረና ክንዶቹን ዘርግቶ የሆነ ነገር ያዘ። ምንም ያልያዙት ክንዶቹ በክብደት ወደ ታች ወረዱ። ተንበረከከ።

«ኢሞጂን» አለ።

ይህን ስም ኦርቪል አልነገሩኝም። ማንም አልነገረኝም።

«ኢሞጂን... አይዞሽ... ባዶ መስሎኝ ነው...»

የሸሚዙ እጅጌ ከክርኑ ጀምሮ ቀላ። እየረጠበ፣ እየሰፋ ሄደ።

አጠገቡ ተንበርክኬ ትከሻውን ያዝኩት። «ዴል፣ እኔ ነኝ። ትዊላ ነኝ። አልተመታሁም፣ እየኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ቤቱ ሳያንኳኳ የገባ ሰው እንደሚያይ አየኝ።

«እመቤት» አለኝ፣ በትህትና። «እባክዎ ሐኪም ይጥሩልኝ። ባለቤቴ እየደማች ነው።»

ከዚያ ተመልሶ አቀረቀረና እኔ ከማላየው ፊት ላይ ፀጉር በጣቱ ገለል አደረገ። ባዶው እቅፉ ሥር፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈችው ትንሽ ምንጣፍ ትጨማደድ ነበር... አንድ ተረከዝ እየገፋት ያለ ይመስል፣ ትጨማደዳለች፣ ትዘረጋለች፣ ትጨማደዳለች... ከዚያ ቆመች።