የልዑል ኤራዝ ስቅታ

የዘምራት ንጉሥ ሶርሔል በንዳድ ታመው ባረፉባት ማለዳ፣ ማንም ገመዱን ያልነካው የቤተ መንግሥቱ የመዳብ ደወል በራሱ ጊዜ ጮኸ። ሕዝቡ የደወሉን ነገር ያውቃል። ከሐፍራ ተራራ ሥር ታስሮ የተኛው ዘንዶ አርጎም አንድ ዐይኑን ገልጧል ማለት ነው። የሟቹ ወራሽ በተራራው ደጅ ፊት ቆሞ የጥንቱን መሐላ ካላደሰ፣ አርጎም ወጥቶ የዘምራትን ወንዞች በትንፋሹ ያደርቃቸዋል። መሐላው ደግሞ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሳይቆራረጥ መነገር አለበት። በመሀል ሌላ ድምፅ ከገባበት ደጁ ይሰነጠቃል።

ወራሹ ልዑል ኤራዝ ሌሊቱን ሙሉ ከአባቱ አልጋ አጠገብ እህል ሳይቀምስ ነበር ያደረው። አዋጅ ነጋሪዋ እትዬ ቀመሪት ለንጉሡ ውሃ በጽዋ እያጠጣች፣ እሱን ደግሞ «ኧረ አንድ ጉርሻ እንኳ!» እያለች ስትለምነው አድራ፣ በመጨረሻ አንድ ቁራሽ ደረቅ ዳቦ ጎረሰላት። ደወሉ የጮኸው ያኔ ነው። ኤራዝ ደንግጦ ዳቦውን ሳያኝክ ዋጠው። ስቅታውም ያዘው።

በቀብሩ ላይ ለቀስተኛው ሁሉ «እንዴት ያለ አንጀት የሚበላ ለቅሶ ነው!» አለ። በማግስቱ እውነቱ ታወቀና ቤተ መንግሥቱ በመድኃኒት አዋቂ ተጥለቀለቀ። ወይ ጣጣ! በዘምራት ለስቅታ መድኃኒት የማያውቅ ሰው አልተፈጠረም። የጦር አዝማቹ ትንፋሹን እንዲይዝ አዘዙት። ፊቱ እስኪጠቁር ያዘና ሲለቀው ስቅታው ቀድሞ ወጣ። የወጥ ቤቷ አለቃ ሎሚ አስመጠጠችው፤ ሌላዋ ማር በማንኪያ አስላሰችው፤ አንዱ ምላሱን ይዞ ጎተተው። አክስቱማ ጨቅላ ሕፃን ይመስል ክር በምራቋ አርሳ ግንባሩ ላይ ለጠፈችበት። ያንኑ ክር እንደለጠፈ የጎረቤት አገር መልእክተኞችን ተቀበለ።

«ኧረ ተዉኝ! ህቅ! ነፍሴን አወጣችኋት እኮ!» እያለ በሰልፍ ከቆሙት አዋቂዎች መሀል አምልጦ ወደ ሐፍራ ተነሣ። ስቅታው ይተወኝ ብሎ ቢጠብቅ ዘንዶው አይጠብቀውም።

አብረውት የወጡት ሁለት ናቸው። አንዱ ጦረኛው ደርባስ ነው፤ ሲናገር የማይሰማ፣ ሲመታ የማይስት። ሁለተኛዋ እትዬ ቀመሪት ናት፤ የመሐላውን መታደስ ለሕዝብ የምታውጀው እሷ ናትና። ከአንዱ ሸንተረር ሆና ስትጣራ በማዶው ያለ ገበያ ጸጥ ይላል። የኤራዝን መወለድ ለሀገሩ ያበሰረችውም እሷ ናት። ስለዚህ ልዑል ይሁን ምን ይሁን፣ ለእሷ ያው ልጅ ነው። መንገዱን በሙሉ አፏን አልዘጋችም።

«ልዑሌ፣ በጽዋው በወዲያኛው ጠርዝ ጠጣ ስልህ!»

«ጠጣሁ እኮ! ህቅ! ደረቴን ከማበስበስ በቀር ምን ተረፈኝ?»

«ጎንበስ ብለህ አልጠጣህማ። ደግሞ ስቅ ሲልህ ስምህን የሚያነሳ ሰው አለ ማለት ነው። ማን ይሆን?»

«አገሩ በሙሉ ነዋ! ህቅ! በእኔ እየሳቀ!»

ደርባስ ደግሞ ያለ ወትሮው ጥበብ አማረው። ከየድንጋዩ ኋላ እየተደበቀ «ዋ!» ብሎ ይወጣበታል፤ ጀርባውንም እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። በገደሉ መተላለፊያ ላይ ክንፍ ያላቸው ጅቦች ከሰማይ ሲወርዱባቸው ኤራዝ ሰይፉን መዘዘ። ሊሰነዝር ሲል ስቅ ይለዋል፣ ሰይፉ አየር ይቀዝፋል። ጅቦቹን ያባረራቸው ከሰይፉ ይልቅ የቀመሪት ጩኸት ነበር። እጇን ወደ አፏ አድርጋ አንዴ ስትጮህ ገደሉ አስተጋባና መንጋው ተበተነ። ደርባስ ከትከሻው ደም እየጠረገ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ደነገጡ?»

«ደነገጥኩ! ህቅ!»

«ታዲያ ምነው አልተወዎትም?» አለ ደርባስ ከልቡ አዝኖ።

በዘምራት የመጨረሻው መድኃኒት ውሸት ነው። ስቅ የሚለውን ሰው ያላደረገውን አደረግህ፣ ያልሆነውን ሆነ ብለው በድንገት ያስደነግጡታል። ሰውየው ክው ሲል ስቅታውም ይቆማል። ቀመሪትም ከወንዙ በላይ ባለው ዳገት ላይ ድንገት ዞር ብላ ጣቷን ቀሰረችበት። «የአባትህን ማኅተም ለጠላት ሸጠሃል አሉ!»

ኤራዝ ያን ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀ። «እትዬ፣ ውሸት መሆኑን እያወቅኩት እንዴት ልደንግጥ? ህቅ! ምናለ ለአንድ ቀን እንኳ ዝም ብትይልኝ! አፍሽ አይደክመውም?»

ቀመሪት ፊቷ ወደቀ። ኤራዝ ወዲያው ቆጨው፤ ግን አፉን ሲከፍት ይቅርታው በስቅታ ተበላበት። እስከ ወንዙ ድረስ ዝም ብላ ሄደች። ወንዙን ሲሻገሩ ግን «ለመሆኑ ዝንጅብል ሞክረሃል?» አለችው።

የሐፍራ ደጅ ከጥቁር ድንጋይ የተፈለጠ፣ ቁመቱ ከግንብ የሚበልጥ ነው። በሩ ሥር የተቀመጠው ሽማግሌ ዘበኛ በእጁ ምልክት ተቀበላቸው።

«ልብ በሉ» አለች ቀመሪት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በዚህ ደጅ ፊት የዋሸ ሰው ድምፁን ይነጠቃል፤ አይመለስለትም። ይኸን ምስኪን ተመልከቱ። መንገደኞች ‹ብላ› ቢሉት፣ እንደ ደንባችን ‹ጠግቤአለሁ› አለ። ለካ ርቦት ነበር። ያው ቀረ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀና ለደርባስ ዳቦ ዘረጋለት። ደርባስ ፊቱ ቀላ። «ርቦኛል» አለ፣ «በጣም ርቦኛል።» በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ኤራዝ ከደጁ ፊት ቆመ። «እኔ የሶርሔል ልጅ ኤራዝ፣ ከአባቶቼ በተቀበልኩት... ህቅ!»

ደጁ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። በስንጥቁ የወጣው ትኩስ ትንፋሽ በአጠገባቸው የነበረውን ምንጭ ወዲያው አደረቀው። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ስቅ አለው። ሁለተኛው ስንጥቅ ከመጀመሪያው ሰፋ፤ ከውስጥም የተንቀሳቀሰ ነገር ድምፅ ተሰማ። ኤራዝ በብስጭት ደረቱን በቡጢ መታ። «አንተ ስቅታ፣ ምን አባህ ቆርጦህ ነው! ህቅ! እዚህ ድረስ የተከተልከኝ!» ብሎ ተንበረከከ። ሸለቆው ውስጥ ከታች የዘምራት ወንዞች ያበራሉ። በአንድ ቁራሽ ዳቦ ሰበብ ሊደርቁ ነው። «አልቻልኩም እትዬ። ህቅ። ሕዝቤን ጨረስኩት።»

ቀመሪት ቁልቁል ወንዞቹን አየች። ከዚያ እሱን አየችው። መጥታ ከፊቱ ቆመች፤ የሚያውቃት ሰው ሁሉ ሰምቶት የማያውቀው ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ነበር የወጣት።

«ኤራዝ፤ አባትህ በንዳድ አልሞቱም። በዚያች ሌሊት በጽዋው መርዝ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ።»

ኤራዝ ክው ብሎ ቀረ። ጽዋውን በዐይኑ አይቷል። እዚህ ደጅ ፊት ደግሞ ማን ደፍሮ ይዋሻል? ትንፋሹ ደረቱ ውስጥ ቆመ። ደርባስ ዳቦውን ጥሎ ጦሩን ወደ ጉሮሮዋ አዞረ።

ቀመሪት ወደ ደጁ አመለከተችው። «በል» ልትለው አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ደግማ ሞከረች። ምንም።

የደርባስ ጦር ከእጁ ወደቀ። ኤራዝም ገባው፤ ስቅታው እንደጠፋም በዚያው ታወቀው። ሊያቅፋት ተነሣ፣ እሷ ግን በሁለት እጇ ትከሻውን ይዛ ወደ ደጁ አዞረችው። ዕንባው ይወርዳል፤ ቢያለቅስ ግን ድምፁ ይቆራረጣል። ጥርሱን ነክሶ፣ ሳጉን ውጦ ተናገረ።

«እኔ የሶርሔል ልጅ ኤራዝ፣ ከአባቶቼ በተቀበልኩት ቃል አስርሃለሁ። ወንዙ የሕዝቤ ነው፤ ትንፋሼ የደጅህ መቀርቀሪያ ነው። በሕይወት እስካለሁ አትነሣም፤ ስሞትም ቃሌን ለልጄ አወርሳለሁ። ተኛ፣ አርጎም!»

ስንጥቆቹ ተጋጠሙ። የደረቀው ምንጭ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ኤራዝ ያኔ ነው ሳግ እያነቀው ደረቷ ላይ ተደፍቶ ያለቀሰው።

ሲመለሱ ሕዝቡ በሸለቆው ሞልቶ የቀመሪትን ድምፅ ይጠብቅ ነበር። ሸንተረሩ ላይ የቆመው ራሱ ኤራዝ ነው። ድምፁ ተሰነጣጠቀ፣ ግማሹም አልተሰማም፤ እሱ ግን ያደረገችውን ሳያስቀር ጮኾ አወጀላት። በመንገዱ ሁሉ ስለ ዝንጅብሉ እንኳ የሚነግረው ሰው አጥቶ ነበር የመጣው።

ዘውድ በጫነበት ግብር ላይ፣ ጠጁን ቸኩሎ ቢጎነጭ ስቅ አለው። አዳራሹ ተነሣ። «ሎሚ!» «ማር!» «ኧረ ትንፋሽዎን ይያዙ!» አክስቱ ክሯን ከነምራቋ ይዛ መጣች። ንጉሡ እጁን አንሥቶ ሁሉንም ዝም አሰኛቸውና በቀኙ ወደተቀመጠችው ሴት ዞረ።

«እትዬ፣ ህቅ፣ ማን ይሆን ስሜን የሚያነሳው?»

ቀመሪት ሳቀች፤ ሳቋም ድምፅ የለውም። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እንግዲያው ይቆይ» አለ ንጉሡ፤ የቀረበለትንም ውሃ ገፋው።