ከመርካቶ አምስት ኪሎ፣ በቃሊቲ በኩል

«ይሄስ?» አለች ሱሀይር እስክሪብቶዋን ወደ አውቶብሱ መስኮት ቀስራ።

ናኢማ አንገቷን አስግጋ አየች። ከመንገዱ ማዶ አሮጌ፣ ግን ግርማው ያልለቀቀው ሕንጻ ቆሟል። ፊት ለፊቱ የአንበሳ ሐውልት አለ። ምን እንደሆነ አታውቅም። ቢሆንም አንበሳ በሩ ላይ ያቆመ ሰው መቼም ተራ ሰው ሊሆን አይችልም ብላ አሰበች።

«ቤተ መንግሥት ነው» አለች አፏን ሞልታ።

«አጃኢብ» አለች ሱሀይር በቀስታ፤ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጻፈችው። ከፊታቸው ወንበር ላይ የተቀመጡ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ዞር ብለው ሁለቱንም አይዋቸው። ፈገግ አሉና ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

ይህ ሦስተኛው ነበር። ቀደም ሲል አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ «ፓርላማ» ተብሎ ተመዝግቧል። ከዚያ ቀጥሎ ያለፉት አደባባይ ስም ስለጠፋለት «አዲሱ አደባባይ» ተብሏል። ናኢማ እያንዳንዱን ስትናገር እንደምትዋሽ ታውቃለች፤ ግን አንዴ ከጀመሩት ማቆም ከባድ ነው።

ሱሀይር የአጎቷ ልጅ ናት። ሁለቱም አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ሱሀይር ከቡታጅራ የመጣችው ሐሙስ ሲሆን፣ የምትመለሰው ነገ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ደብዳቤ ሲጻጻፉ ቆይተዋል። ደብዳቤዎቹ የሚመላለሱት የናኢማ አባት አቶ ረዲ ወደ ቡታጅራ በሚልኩት የቁልፍና የዚፕ ካርቶን ውስጥ ተወሽቀው ነበር። በነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ ናኢማ በየሳምንቱ እሑድ አውቶብስ ትሳፈራለች፤ ደስ ያላት ቦታ ትወርዳለች፤ አይታ ስትጨርስ ቀጣዩን ተሳፍራ ትቀጥላለች። እንጦጦ ወጥታለች። ስታዲየም ገብታለች። የአንበሳ ግቢ ሄዳ አንበሳው ሲያዛጋ አይታለች።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ናኢማ ጎጃም በረንዳ ተወልዳ ጎጃም በረንዳ ያደገች ልጅ ናት። ትምህርት ቤቷ እዚያው ነው። መስጊዱ እዚያው ነው። ጫማም፣ ደብተርም፣ የራስ ምታት መድኃኒትም መርካቶ አለ። ሌላ ሰፈር የሚኖር ሰው ሳይቀር ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ይመጣል እንጂ የመርካቶ ሰው ምን ፍለጋ ይሄዳል? ፒያሳን ያየችው ገና ሕፃን ሳለች፣ አባቷ ጥርሷን ሊያስነቅሏት ይዘዋት ሲሄዱ ነው። ያኔም መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ስለነበር ብዙ ነገር አላየችም።

የእንጦጦውም የአንበሳውም ወሬ የእስከዳር ነው። እስከዳር አብራት አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ስትሆን፣ አባቷ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው። ሰኞ ሰኞ ያየችውን ታወራለች፤ ናኢማ ማክሰኞ «እኔ» ብላ ትጽፈዋለች። ሱሀይር ትመጣለች ብላ በሕልሟም አስባ አታውቅም።

ሱሀይር ደግሞ ዝም ብላ አልመጣችም። አስተማሪዋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው፤ ስለ ድንቅነሽ አስተምሯቸው ሲያበቃ፣ አጥንቷን በዓይኑ ያየ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከስልሳ ተማሪ አንድም እጅ አልወጣም። ሱሀይር ያን ቀን፣ ከተማውን በሙሉ የምታውቅ የአጎት ልጅ አለችኝ፣ አይቼ መጥቼ እነግራችኋለሁ ብላ ቃል ገባች። ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆማ ደብተሯን ታነባለች። ያየችው ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል።

እስከዳር ጉዱን ስትሰማ መጀመሪያ እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ እውነቱን ንገሪያት አለች። ናኢማ ሞቼ እገኛለሁ ስትላት ግማሽ ሉክ ወረቀት ቀድዳ ምክሯን ጻፈችላት። በኋላ በር ገብታችሁ በፊት በር ውረዱ። ቲኬታችሁን አትጣሉ፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ቦርሳ ከፊት ይያዛል፣ ከኋላ አይንጠለጠልም። ጀርባ ላይ ያለው ወንበር ስለሚያነጥር እዚያ አትቀመጡ። መስኮት ዳር ያለውን ለእንግዳዋ ልቀቂላት። አንዱ ሰልፍ ከሌላው ጋር ስለሚነካካ የየት ሰልፍ እንደሆነ ጠይቃችሁ ተሰለፉ።

ናኢማ የመጨረሻዋን ብቻ ዘለለቻት።

ምክንያት አላት። አቶ ረዲ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው እንግዳ ሰው ከሃያ ሜትር ይለያሉ። ቀና ብሎ ታፔላ የሚያነብ ሰው እንግዳ ነው። መንገድ የሚጠይቅ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ይባላል፤ ካልቀናው ኪሱም ይዳበሳል። ልጆቻቸውን የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው፦ ገበያ መሀል ጠፍቶሽ እንኳ ቢሆን የጠፋሽ አትምሰይ፣ ፈጠን ብለሽ ሂጂ። መርካቶ ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። አለዚያ ፋራ ነው። ስለዚህ ናኢማ ዛሬ ረፋዱ ላይ አውቶብስ ማዞሪያው ጋ ደርሳ ሁለት ረጃጅም ሰልፎች ጎን ለጎን ስታይ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ፈጠን ብላ አንደኛው ላይ ተሰለፈች። ሱሀይር በአድናቆት ተከተለቻት።

አሁን ቤተ መንግሥቱን ካለፉ ቆይተዋል። አውቶብሱ ይጓዛል። የሚወርደው ሰው እየበዛ የሚሳፈረው እያነሰ ሄደ። ሕንጻዎቹ አጠሩ። በመጋዘን ግንብ ሥር የቆሙ የጭነት መኪናዎች መታየት ጀመሩ። ሱሀይር አሁንም ትጠይቃለች፤ ናኢማ ግን መልሷ እያጠረ መጣ። በመጨረሻ አውቶብሱ አንድ ሰፊ አቧራማ ሜዳ ላይ ዞሮ ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሻይ ሊጠጣ ወረደ።

ሱሀይር ወርዳ ግራና ቀኝ አየች። የተደረደሩ አውቶብሶች፣ አንድ የጎማ መጠገኛ፣ ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት።

«ሙዚየሙ የቱ ነው?» አለች።

«ቅዳሜ ዝግ ነው» የሚለው ቃል ናኢማ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ውሸት ብቻ ናት፤ ነገሩ ሁሉ በእሷ ያልቃል። ሱሀይር ትንሽ ታዝናለች፣ ወደ ቤት ይመለሳሉ፣ ነገ ትሄዳለች፣ ማንም አይነቃም። ግን የሰኞው ክፍል ዓይኗ ላይ መጣ። ሱሀይር ስልሳ ልጅ ፊት ቆማ ፓርላማው እንዲህ ነው፣ ቤተ መንግሥቱ እንዲህ ነው፣ ሙዚየሙ ቅዳሜ አይከፈትም ብላ ስታነብ፣ አራት ዓመት እዚሁ የተማረው አስተማሪ ደግሞ ሲሰማ። የሚሳቀው እሷ ላይ ነው። የናኢማ ስም እንኳ አይነሳም። ይህን ስታስብ ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«ሱሀይር፣ የት እንዳለን አላውቅም» አለች።

«እንዴት ማለት?»

«ሙዚየሙንም አላውቀውም። የትም ሄጄ አላውቅም። የጻፍኩልሽን ሁሉ እስከዳር ናት ያየችው።»

ሱሀይር ደብተሯን ተመለከተች። «ፓርላማውስ?»

«እንጃ። ባንክ ይመስለኛል።»

ሱሀይር አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ደብተሯን ከደነችና ደረቷ ላይ አቀፈችው። ቆይታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደብዳቤሽን ለክፍሌ ልጆች አነብላቸው ነበር እኮ» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ።»

ናኢማ ይቅርታ ማለት ፈለገች፤ ቃሉ ግን በጣም ትንሽ መሰላት። ዞር ስትል ባርኔጣ ያደረጉት ሽማግሌ ከአውቶብሱ ወርደው ጋዜጣቸውን ሲያጥፉ አየች። ሄዳ ፊታቸው ቆመች። በሕይወቷ ከማታውቀው ሰው መንገድ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። ጠፍተን ነው። ድንቅነሽ ያለችበት ሙዚየም በየት በኩል ነው?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አይዋት። «አምስት ኪሎ ነዋ። ከየት ነው የተነሳችሁት?»

«ከመርካቶ።»

«ከመርካቶ አምስት ኪሎ የሚኬደው በቃሊቲ በኩል ነው እንዴ?»

ናኢማ አንገቷን ደፋች። ሰውየው ግን እያሾፉ ቢሆንም አልከፉባትም። ሙሉብርሃን እንደሚባሉና ቤታቸው እዚሁ ቃሊቲ እንደሆነ ነገሯቸው። ቅድም ቤተ መንግሥት ያለችውን ሕንጻ ሲያነሱባት ግን ዓይናቸው በደስታ በራ። የለገሃር ባቡር ጣቢያ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ዓመት ቲኬት የቆረጡት እዚያው ነው።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አለች ናኢማ።

«አልጠየቅሽኝማ» አሉ ሙሉብርሃን። «ደግሞም የሠራሁበትን ቤተ መንግሥት ነው ያለኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ለባለቤቴ ሳልነግራት አላድርም።»

ከዚያ መንገዱን አስረዷቸው። ከዚያኛው ሰልፍ ተሳፍረው ባቡር ጣቢያው ጋ ይወርዳሉ። እዚያ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄደውን ይይዛሉ። ቲኬት ቆራጩን አምስት ኪሎ ስንደርስ ንገረን ይሉታል። ሰዓቱን አይተው ከፈጠናችሁ ትደርሳላችሁ አሏቸው። ሰውየው ዋጋ እጥፍ አልጠየቋትም፤ ኪሷንም ማንም አልዳበሰ።

በመልሱ አውቶብስ ላይ ሁለት ሰው የሚይዝ ባዶ ወንበር ነበር። ሱሀይር ግን አልፋ ሄዳ ብቻዋን ተቀመጠች። ናኢማ ከኋላዋ ተቀምጣ እስክሪብቶው በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ሲሰርዝ አየች። አንድ መስመር፣ ሌላ መስመር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቃሊቲ እስከ ለገሃር ያለው መንገድ በጣም ረጅም መሆኑን ተረዳች፤ የሚያናግሩት ሰው ሲጠፋ ደግሞ የበለጠ ይረዝማል።

ለገሃር ሲወርዱ ሱሀይር ጣቢያው ፊት ቆመች። የአንበሳውን ሐውልት ዞራ አየችው። ከዚያ ወደ ናኢማ ዞር ሳትል የጣቢያውን ጥበቃ ባቡሩ ስንት ሰዓት እንደሚነሳና የት ድረስ እንደሚሄድ ጠየቀችው። ድሬዳዋ እንደሆነ ሲነግራት ጻፈች። ሁለተኛውን ጥያቄ ናኢማ ጠየቀች፣ የሽሮ ሜዳው ሰልፍ የቱ እንደሆነ። ይህ ቃሊቲ ላይ ከጠየቀችው ቀለል ይል ነበር። አምስት ኪሎ ሲደርሱ ቲኬት ቆራጩ ገና ሳያስታውሱት ጮክ ብሎ ጠራቸው።

ሙዚየሙ ሊዘጋ ብዙ አልቀረውም ነበር። በሩ ላይ የነበረችው ሴት ፈጠን በሉ ብላ ወደ ታችኛው ፎቅ መራቻቸው። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው። መስታወቱ ውስጥ ቡናማ የአጥንት ቁርጥራጮች በሥርዓት ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው በድንቅነሽ ቁመት ልክ የቆመ አጽም አለ።

ሱሀይር ቀስ ብላ ተጠጋች። ራሷን ለካችበት። የድንቅነሽ ራስ ከደረቷ እምብዛም አያልፍም።

«እሷ ናት?» አለች በሹክሹክታ። «በጣም ትልቅ ትመስለኝ ነበር።»

«እኔም» አለች ናኢማ።

ሱሀይር ሥዕል መሳል ጀመረች፤ የጎድን አጥንቶቹን ስትቆጥር ናኢማ ተሳስተሻል ብላ አብራት ቆጠረች። መጨረሻ ላይ ሱሀይር ከደብተሯ ቀና ሳትል፣ «ይቺም እንዳንቺ ከሰፈሯ ወጥታ የማታውቅ ትሆናለች» አለች።

ናኢማ ሳቋ አመለጣት። የሙዚየሙ ጥበቃ ዝም በሉ ቢላቸውም ሱሀይርም ሳቀች። ያን ጊዜ ናኢማ ቃሊቲ ላይ ትንሽ የመሰላትን ቃል አወጣችው። ይቅርታ አድርጊልኝ አለቻት። ሱሀይር እስክሪብቶውን አቀበለቻት፤ ግራ እጇን አንቺ ሳዪልኝ አለች።

ወደ መርካቶ የሚመለሰው አውቶብስ ላይ አብረው ተቀመጡ። ሱሀይር መስኮቱን ያዘች። አራት ኪሎን አልፈው ቁልቁል ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ እንደገና ዳገቱን ወጡ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች፤ የመግሪብ ሶላት ሰዓት ግን ገና ነው። የናኢማ አባት ሱቃቸውን የሚዘጉት ከዚያ በኋላ ነው። ፒያሳ ሲደርሱ አውቶብሱ ፌርማታው ላይ ቆመ፤ በሮቹ ተከፈቱ። ከመንገዱ ማዶ የእንጨት በረንዳው ያዘመመ፣ መስኮቶቹ በቀለም መስታወት የተሞሉ አሮጌ ቤት ይታያል። በረንዳው ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ጫማ ይሰፋል።

«እሱስ ምንድን ነው?» አለች ሱሀይር።

ናኢማ ቤቱን ደህና አድርጋ አየችው። ሹፌሩ በሩን ሊዘጋ ነው።

«አላውቅም» አለችና ቦርሳዋን ከፊቷ ይዛ ተነሳች። «ነይ እንውረድ።»