የእትዬ አቦነሽ ልመና

ፍሬገነት ሥራ በያዘች በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳ ስትገፋ ከረመች። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን አውልቃ፣ «ሁለተኛ ቆዳ» የሚሉትን ስስ ልብስ ከአንገቷ እስከ እግር ጣቷ ታጠልቅና ባዶ ክፍል ውስጥ ትቆማለች። ልብሱ ሲበራ ባዶው ክፍል ሰፈር ይሆናል። ነፋሱ ፊቷን ይነካታል፣ የድንጋዩ ሻካራነት መዳፏን ይፍቃታል። ከዚያ እያንዳንዱን ግድግዳ በትከሻዋ እየገፋች ትዞራለች። ግድግዳውን ሰንጥቃ ካለፈች ሳንካ ነው። ሳንካ ማለት ጌሙ የተሳሳተበት ቦታ ነው፤ ሳንካ እያደኑ መዋል ደግሞ የጌም ፈታሽ እንጀራው ነው።

ጌም መፈተሽ ሲባል ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ መዋል ይመስላት ነበር። ለነገሩ ማንም እንደዚያ ነው የሚመስለው። አንዱን በር መቶ ጊዜ ከፍቶ መዝጋት፣ አንዱን ፍየል ከአንዱ አጥር ጋር ደጋግሞ ማላተም፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው አንብቦ ያንኑ ስህተት መልሶ እንዲያገኘው አድርጎ መጻፍ፤ ሥራው ግን ይኸው ነው። ትከሻዋ ይጠዘጥዛታል፣ ግን ደስ ብሏታል። አዳማ ውስጥ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው የሚቀጥር ድርጅት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። እዚህ ያስገባቻት ረድኤት ናት።

ረድኤት የፈተሻ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ከዚያ በፊት ግን የፍሬገነት ጎረቤት ነበረች። አንድ ግቢ ነው ያደጉት። የረድኤት እናት ፋብሪካ በሚያድሩበት ጊዜ ሁሉ ልጅቱ የምትበላው ከፍሬገነት እናት ከወይዘሮ ዘነበች እጅ ነበር። ወይዘሮ ዘነበች ሲሞቱም ከፍሬገነት እኩል ደረቷን የደቃችው እሷ ናት። ሥራውን ስትሰጣት «የዘነቡን ውለታ በምን እከፍለዋለሁ ብዬ ስጨነቅ ነበር» ብላ አቀፈቻት። ፍሬገነትም አመነቻት። ለምን አታምናት?

ጌሙ «ጉርብትና» ይባላል። ጠላት አይገደልበትም፣ መኪና አይሽቀዳደምበትም። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ላይ ብቻውን የሚኖር ሰው ሁለተኛ ቆዳውን ይለብስና አንድ የድሮ ግቢ ውስጥ ገብቶ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲጫወት ይውላል። ጎረቤቶቹ ሰው አይደሉም። ድርጅቱ «ሥሪት» ይላቸዋል፤ የሚናገሩትን ራሳቸው የሚያስቡ፣ ከሚያገኙት ሰውም ጠባይ የሚቀስሙ ማሽኖች ናቸው። እትዬ አቦነሽ ከእነዚህ አንዷ ናቸው። ሥሪትን አንቱ ማለት የሚያስቅ ነገር ነው፣ ግን አንቺ ሊላቸው የደፈረ ፈታሽ እስካሁን አልተገኘም።

ፍሬገነት ከግድግዳዎቹ ስትገላገል እትዬ አቦነሽ ቤት ገባች። ምሳ ቀረበላት።

«ብዪ ልጄ።»

«አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት።»

እትዬ አቦነሽ «እሺ» ብለው ሳህኑን አነሱት።

ፍሬገነት ክው አለች። ከእሷ በፊት የነበሩት ፈታሾች ሁሉ ይህን አይተው አልፈውታል። ሳህኑ ግድግዳ ውስጥ አልሰረገ፣ የሴትዮዋ እጅ አየር ላይ ተንሳፎ አልቀረ፤ ታዲያ ሳንካው የቱ ጋ ነው? እሷ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እንግዳ ገና አንዴ እምቢ ሲል አምነው ማዕዱን አነሱ። እንዲህ ያለች ጎረቤት በዚህ አገር ተወልዳ አታውቅም። ይስተካከል።»

ረድኤት አንብባ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና ፍሬገነትን ትክ ብላ አየቻት።

«እንዴት መሆን ነበረባት?»

«እንዴት ትያለሽ እንዴ? የእማዬን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም» አለች ረድኤት። «እሱን አስተምሪያት።»

አስተማረቻቸው። ወይዘሮ ዘነበች ሲለምኑ እንደ ሌላው ሰው ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም ነበር። መጀመሪያ የሰውየውን የጉልበት ሕመም ይጠይቃሉ። እምቢ ሲላቸው «እውነትህን ነው» ብለው ከእሱ ጋር ይወግናሉ፤ እንዲያውም ሰውየው ያላሰበውን ምክንያት ራሳቸው ይጨምሩለታል። መጨረሻ ላይ፣ ተገላገልኩ ብሎ ሲነሳ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ ባይሰማኝ የሚሉ ይመስል ዝቅ አድርገው፣ አንድ ጊዜ ብቻ «በሞቴ» ይላሉ። ያችን «በሞቴ» የቻለ ሰው አልነበረም። ባለቤታቸው አቶ ልሳነወርቅ በግትርነታቸው ሰፈር የሚያውቃቸው ሰው ናቸው፤ እሳቸውም አልቻሏትም።

ፍሬገነት ከልመናው ጋር እፍረቱንም አስተማረች። እናቷ ሰው የሚጎዳበትን ነገር ለምነው አያውቁም። ሥሪቷም እንዲሁ ሆኑ፤ ያለ አግባብ አንድ ነገር ከጠየቁ ሰውን ቀና ብለው ማየት ያቅታቸው ጀመር። ፍሬገነት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ የእናቷን ለዛ ከሌላ አንደበት ስትሰማ አንዳንዴ እንባዋ ይመጣ ነበር። ሥራዋን የወደደችው ያኔ ነው።

በዚያ ሰሞን አቶ ልሳነወርቅ ከከተማ ገንቢዎች ጋር ግብግብ ተያይዘው ነበር። አዲሱ የአየር ባቡር ጣቢያ የሚያርፈው ወይዘሮ ዘነበች በተቀበሩበት አሮጌ መካነ መቃብር ላይ ነው። ሕጉ የማንም ሟች አፅም የቅርብ ዘመዱ በገዛ አንደበቱ «እሺ» ሳይል እንዳይነሳ ይከለክላል። ሌላው ሁሉ እሺ ብሏል። አቶ ልሳነወርቅ ግን መሐንዲስ ሲልኩባቸው መሐንዲሱን፣ ሽማግሌ ሲልኩባቸው ሽማግሌውን ከደጅ መለሱ። «አጠገቧ እተኛለሁ ብያታለሁ፤ ባቡራችሁ ይዙር» ነው መልሳቸው። ፍሬገነት ይህን ለረድኤት እየሳቀች ታወራላት ነበር።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ እትዬ አቦነሽ ቤት ስትገባ፣ ሴትዮዋ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ዞሩባት።

«ምነው እትዬ?»

«አታናግሪኝ ልጄ። አንቺን የማይበት ዓይን የለኝም።»

ይህን ማንም አልጻፈላቸውም። የፍሬገነት ጣት ሳንካ ወደሚመዘገብበት ቁልፍ ሄደና ቆመ።

«ምን አድርገው ነው?»

«አባትሽን ለመንኳቸው። የድርጅቱ ሰዎች ቤታቸው ግድግዳ ላይ ባለው መነጋገሪያ መስታወት በኩል ላኩኝ። ስለ ሚስታቸው አፅም እሺ አሰኚልን አሉኝ።»

ፍሬገነት ዞራ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ለአባትሽ ነግሬያቸዋለሁ» አሉ እትዬ አቦነሽ። «ሰው አይደለሁም አልኳቸው። ልከውኝ ነው፣ ይጎዱበታል፣ እምቢ ይበሉኝ አልኳቸው። እምቢ በሉኝ ባልኩ ቁጥር ባሰባቸው። እሺ አሉ። ዛሬ ማለዳ እናትሽን አነሷቸው።»

ፍሬገነት ሁለተኛ ቆዳዋን እንደለበሰች፣ በባዶ እግሯ ወደ ረድኤት ቢሮ ሮጠች።

«እማዬን ሸጥሻት?»

ረድኤት አልካደችም። ብትክድ ይሻል ነበር። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«ተቀመጪ ፍሬ። ጌሙ አይሸጥም። ድሮም አይሸጥም ነበር። ብቸኛ ሰው ብዙ ነው፣ ግን ለጎረቤት ብሎ ኪሱን አይፈታም። እሺታን ግን የማይፈልግ የለም። ባንኩም፣ ገንቢውም፣ ሁሉም እሺ የሚያሰኝለት ሰው ይፈልጋል።»

«ለዚህ ነው እንዳስተምራት ያደረግሽኝ?»

«መጀመሪያ አይደለም። ሲሳካ ነው ያሰብኩት።»

«አባቴን እኮ እምቢ በሉኝ ብላ ለምናቸዋለች! ሥሪትሽ እንኳ አፍራለች። ይሄን ሳንካ አላያችሁትም?»

«አይተነው አስተካክለነው ነበር» አለች ረድኤት። ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። «እፍረቷን ስናወጣላት ሰው ሁሉ ገፍትሮ መለሳት። ስንመልስላት እሺ አላት። ‹እምቢ በሉኝ› ስትላቸው ትሕትና ነው የሚመስላቸው። የምሯን እንደሆነ ማንም አያምናትም። አንዴ እምቢ ያለ እንግዳ አይታመንም ብለሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ እኮ። ስለዚህ ተውነው። ሳንካ መሆኑ ቀርቶ ዋናው ዕቃችን ሆነ።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ፍሬገነት ግን የወደቀችው ከፈረስ አልነበረም፤ አብራት ከአንድ ትሪ ከበላች እህቷ ላይ ነው የወደቀችው።

«በእናቴ እጅ ጎርሰሽ አድገሽ» አለች።

«ለእኔም እናቴ ናቸው። አዲሱን ቦታ ራሴ ሄጄ ነው ያየሁት። ዛፍ አለው። ነፋሻ ነው።»

ከስድብ ሁሉ ያ «ነፋሻ ነው» ባሰባት። ልብሱን ከላይዋ ገፍፋ ወለሉ ላይ ጣለችውና ወጣች።

ራሱን በሚነዳው የመንገድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ አባቷ ቤት ስትሄድ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር። ከድተውኛል ልትላቸው ነው። አንተንም እኔንም ሸጡን ልትላቸው ነው። ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ማልቀስ ነበር የናፈቃት። የተከዳ ሰው የሚሄድበት ቤት ካለው ግማሹ ቀለለት።

አቶ ልሳነወርቅ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ከአዲሱ መቃብር ቦታ ይዘውት የመጡትን ቀይ አፈር ከጫማቸው ላይ በጨርቅ ያነሳሉ።

«መጣሽ?» አሏት። «ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ነው ያልጠራሁሽ። በወግ በወጉ ነው ያስገባናት። ቄሱም ነበሩ።»

«አባዬ፣ ለምን እሺ አልካቸው? ማሽን እኮ ናት!»

«ነግራኛለች። ውሸት የለባትም፣ ጨዋ ናት።»

«እምቢ በለኝ አላለችህም?»

«ብላኛለች፣ ደጋግማ። እሱማ ወግ ነው።» ጨርቁን አራገፉት። «እምቢ ልላት ተነስቼ ነበር። ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ዝቅ አድርጋ ‹በሞቴ፣ እምቢ ይበሉኝ› አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ቀና ብለው አዩዋት።

«ያንን አስመስሎ ማስተማር የሚችል ከአንቺ በቀር የለም» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «አንቺ ነሽ ያስተማርሻት፣ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«አውቄያለሁ። ወዲያው ነው የገባኝ። ልጄ ይህ ነገር እንዲያልቅላት ፈልጋለች፣ ሥራዋ አስጨንቋታል፣ ራሷ እንዳትጠይቀኝ ይሉኝታ ይዟት አማላጅ ልካለች አልኩ። ያንቺን አማላጅ እንዴት ከደጅ እመልሳለሁ? ዘነቡስ ብትሆን ትፈቅድልኛለች?» ፈገግ አሉ። «ለባቡር ብዬ አይደለም ያነሳኋት። ላንቺ ብዬ ነው።»

ፍሬገነት አፏን ከፈተች። በመንገድ ላይ ያሰናዳችው ሁሉ እዚያው ምላሷ ላይ ነበር።

አባቷ ፊቷን አዩና ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ጨርቁ እጃቸው ላይ ቆመ።

«ልከሻት ነው አይደል?»

እውነቱን ብትነግራቸው አፅሙ ተመልሶ አይገባም፤ እዚያ ላይ ምሰሶ መትከል ተጀምሯል። የሚመጣው ሌላ ነገር ነው። እኚህ ሰው የሚስታቸውን ማረፊያ ለማንም ብለው እንዳላነሱ፣ ለማያውቁት ሰው ትርፍ እንደተሞኙ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያውቁታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ሥሪት ታዘውም ቢሆን ለእኚህ ሰው መዋሸት አቅቷቸዋል። እፍረት ተምረዋልና አልቻሉም። እፍረት ይዞት፣ እያወቀ፣ ለሚወደው ሰው ሲል መዋሸት የሚችለው ሰው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«አዎ አባዬ» አለች ፍሬገነት። «እኔ ነኝ የላክኋት።»

አቶ ልሳነወርቅ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት። ከዚያ፣ ሳያዩዋት፣ ቅር ባለው ድምፅ፦

«ምን ነበረበት ራስሽ መጥተሽ ብትነግሪኝ?» አሉና ጫማቸውን መጥረግ ቀጠሉ።