ክቧና ሳጥኗ

የመሬት ቀያሹ አሮጌ መኪናውን ይዞ የመጣው መቀመጫዋን ሊያሰፋ ነበር። የመኪና መቀመጫ የምትሰፋው ልጅ ግን መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ሳቀች።

«ይቺ ሳጥን ናት እንጂ መኪና ናት?»

እሱም ደጅ የቆመችውን የአባቷን ክብ መኪና በአገጩ አመለከተ። «ያቺ ደግሞ እናቴ ልጃገረድ ሳለች የተሠራች ናት። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት፤ ገልብጠው ነው የገጠሟት።»

«ገልብጠው ይግጠሟት፤ ውሃ ስጡኝ ብላ ግን አታውቅም። ያንተዋ ዳገት ባየች ቁጥር ይጠማታል አሉ።»

«ግን ትፈጥናለች።»

«ፈጥና የት ልትደርስ?»

ዓይኗን እያየ ሳቀ። መቀመጫው ካለቀ በኋላም ክሩ ተተረተረ እያለ ይመላለስ ጀመር። ራሱ እንደሚተረትረው ታውቃለች። ቢሆንም ትሰፋለታለች።

አባቷ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ የምታነሳቸውም የምታጎርሳቸውም እሷ ብቻ ናት። ቀያሹ ወደ ሩቅ ከተማ ሲዛወር ሁለቱንም ይዟቸው ሊሄድ ለመናቸው።

«ልጄ፣ እሷን ውሰዳት» አሉት ሽማግሌው። «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው።»

እሷ ግን እንዴት ጥላቸው ትሂድ? የመሄጃው ቀን ደረሰ።

«እስከ መቼ ልጠብቅሽ?» አላት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል አልወጣትም። እጁን ከእጇ ቀስ ብሎ አላቀቀ።

አባቷ በሦስተኛው ዓመት አረፉ። ሐዘኗን ስትጨርስ ክቧን መኪና አስነስታ፣ ዳገቱን ሁሉ እያዘገመች ቀኑን ሙሉ ነዳች። አፈላልጋ ያገኘችውን ቤት በር የከፈተችው ሕፃን ያቀፈች ሴት ነበረች።

«ማን ልበለው?»

ሕፃኑን አየች። «የመኪናውን መቀመጫ የሰፋሁለት ነኝ። በዚህ ሳልፍ ሰላም ልበለው ብዬ ነው።»

ድምፅዋን ሰምቶ ባዶ እግሩን ወጣ። እስከ መኪናዋ ድረስ ሸኛት።

«ያን ቀን ዝም ስትይኝ እኮ ያልፈለግሽኝ መሰለኝ» አላት። «ጠብቀኝ ብትይኝ ኖሮ...»

«አባቴ እስኪሞት ጠብቀኝ ልበልህ?»

አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ከበሩ ሆና «እንዴ፣ እንግዳ ሳታርፍ ትሄዳለች?» ስትል ተጣራች።

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ እህቴ።»

ከከተማው እንደወጣች ግን መንገዱ አልታይ አላትና ጥግ ይዛ ቆመች። መሪው ላይ ተደፍታ፣ አባቷን ስትቀብር ያላወጣችውን እንባ ጭምር አለቀሰችው።