የአራሷ አጥሚት

ማህደር የሞተችው ሴት ልጅ በተገላገለች በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። ኢንስፔክተር አስካለች ሆስፒታል ደርሳ አንሶላውን ስትገልጥ ቀድሞ የመጣባት ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነበር። የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ዐይኗ ጎድጉዷል፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ ሲያደርጉት እንደተነሣ ይቀራል። ዝናብ በማያባራበት ሚዛን ተፈሪ፣ ግንቦት ወር ላይ፣ ሰው ከውስጡ ውሃ አልቆ ሞተ።

«መርዝ ነው?» አለች አስካለች።

የጤና መኮንኑ ሲሞን ማህደርን ሁለት ዓመት የተከታተላት ሰው ነው። ዐይኑ ቀልቷል። «ለእኔና ለእርስዎ ዳቦ ነው፤ ለእሷ መርዝ። ሴሊያክ የሚባል በሽታ ነበረባት። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። እሱን ከቀመሰች የገዛ ሰውነቷ ተነሥቶ አንጀቷን ይወጋል። መድኃኒት የለውም። እነዚያን እህሎች ዕድሜ ልክ አለመቅመስ ብቻ ነው። ካልቀመሰች እንደ ማንኛችንም ጤነኛ ናት።»

«ከቀመሰችስ?»

«ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ድካም። አንድ ጉርሻ አይገድልም። ግን አራስ ሆና፣ ደሟ ሳይተካ፣ በየቀኑ ከተሰጣት ውሃውም ጨውም ከሰውነቷ ያልቃል፤ ልብ ይቆማል። የሆነው ይኸው ነው። በምርመራ ሌላ መርዝ አልተገኘም።» ሲሞን ትንፋሹን ሳበ። «እዚህ ሦስት ቀን ተኝታ ሳለች ዶክተሩ ባሏንና አማቷን ስንዴ ወይ ገብስ ቀምሳ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቋቸዋል። ሁለቱም ‹በፍጹም› አሉ። ስለዚህ ተራ የሆድ ኢንፌክሽን ብለን ያዝነው። ብናውቅ ኖሮ ሕክምናው ሌላ ነበር።»

«ትድን ነበር?»

«አልምልም። ዕድል ግን ነበራት። አንድ ነገር ልጨምርልዎ፤ በሽታው በዘር ይተላለፋል። ሕፃኗም ሊኖርባት ይችላል። የሚያሳድጋት ሰው ይህን የሚያምን መሆን አለበት።»

አስካለች የማህደርን ፋይል ገለጠች። ስምንት ዓመት ሙሉ አንዱ «ጨጓራ ነው»፣ ሌላው «አሜባ ነው»፣ ሦስተኛው «ጃርዲያ ነው» እያላት ክኒን ስትቅም ኖራለች። ሁለት ፅንስ ወርዶባታል። አዲስ አበባ ሄዳ የበሽታውን ስም ያወቀች ዕለት በደስታ አለቀሰች አሉ። ስሙን አውቃ፣ ድና፣ ወልዳ፣ ከዚያ ወዲያ በገዛ ቤቷ ተገደለች። አስካለች ፋይሉን ስትዘጋ ጠረጴዛው ጮኸ።

ሰፈሩ ፍርዱን ለመስጠት አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። አራስ ከሞተች ገዳይዋ አማት ናት፤ ሌላ ማን ይሆናል! በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ይህን ጮክ ብላ የምትናገረው ከቴፒ የመጣችው የሟች ታላቅ እህት ለተብርሃን ነበረች።

«እሠሯት!» አለች አስካለችን ስታይ። «አጥሚቱን የምታጠጣት እሷ ብቻ ናት። ‹ይሄ በሽታ አይደለም፤ የከተማ ቅብጠት ነው› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«መቼ?»

«በተጋቡ ዓመት።»

«በቅርቡስ?»

ለተብርሃን እንባዋ መጣ። «አርባ ቀኗ ሲያልቅ ከነልጇ እኔ ጋ ልትመጣ ነበር። ቴፒ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሥራ አግኝታለች። ፍሬአብም እሺ ብሏል። በወለደች ሰሞን ልጠይቃት መጥቼ ደህና ነበረች፤ ዳግም የመጣሁት ለሬሳዋ ነው።»

«አጥሚት እንዴት ነው የምትሠሪው?» አለች አስካለች ድንገት።

«ምን?»

«እንዲያው ንገሪኝ።»

«እህሉ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይበጠበጣል። ይሄ ይጠየቃል እንዴ፣ እህቴ?»

አማትየዋ በየነች ወጥ ቤት ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋለች። ድንኳኑ ውስጥ የሚባለውን ሰምታለች። አንገቷን አልደፋችም።

«ቅብጠት ብያለሁ፤ አልዋሽም» አለች። «ኋላ ግን አንድ ቀን ውጭ የሆነ ነገር በልታ መጥታ ሦስት ቀን ስትንፈራፈር በዐይኔ አየሁ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ገብስ አልገባም። ለጠያቂ የሚሆነውን ገንፎ እንኳ ጎረቤት ቤት ነው ያስገነፋሁት። ማማሰያዋ ለብቻ፣ ድስቷ ለብቻ።»

እውነቷን ነው። ማማሰያው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ልትገድል ያሰበች ሴት ማማሰያ አትጠቀልልም።

«አጥሚቱ ከምንድን ነው?»

«ነጭ በቆሎና ሩዝ። ራሴ ቆልቼ፣ ራሴ አስፈጭቼ።»

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አላዩበትም፣ እማማ?»

በየነች አሰብ አደረገች። «ባለፈው ሳምንት ይጎትት ጀመር። ማማሰያው ላይ ይንጠለጠላል። ጥሬ ጥሬም ይላል። በቆሎው አዲስ ስለሆነ ነው አልኩ። ደግሞ ዱቄቱ አላልቅ አለኝ። በቀን ሦስቴ እየቀዳሁ አይጎድልም። ‹ጌታ ባረከልኝ› ብዬ አመሰገንኩ።»

አስካለች የዱቄቱን ቆርቆሮ ከፍታ ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው። ከላይ ነጣ ነጣ ብሎ ዥንጉርጉር ነው። ማንኪያ እስከ ታች አስገብታ ስታወጣ የወጣው ዱቄት ወርቃማ ቡናማ ሆነ። የቆሎ ሽታ ነበረው። ቆርቆሮውን በብብቷ ይዛ በዝናቡ ወደ ወፍጮ ቤት ሄደች።

ባለወፍጮው ጋሽ አሕመዲን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል። ማህደር ሁልጊዜ ድንጋዩ ከተጠረገ በኋላ፣ ሌላ እህል ሳይገባ፣ ሰኞ ማለዳ የመጀመሪያዋ አስፈጪ እንደነበረች ነገራት። ካረገዘች ወዲህ አማቷ በእሷ ፈንታ ትመጣለች።

«አስኩ፣ ሰው የእኔ ወፍጮ ገደላት እያለ ነው» አለ።

«ይህን እየው፣ ጋሼ።»

ከታች የወጣውን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ። «ይሄ የእኔ ነው። የተቆላ።» ከላይኛው ቆንጥሮ አሸ፤ ፊቱ ጠቆረ። «ይሄ ደግሞ ጥሬ ገብቶበታል። የሱቅ ዱቄት። በተቆላ ዱቄት ላይ ጥሬ የሚጨምር ምን ዓይነት ሰው ነው? ማንም ወጥ ቤት የዋለ እንዲህ አያደርግም።»

ባልየው ፍሬአብ ለአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ናሙና እየሰበሰበ የሚያቀርብ ነው፤ በሞተር ብስክሌት ከሚዛን ቴፒ ሲመላለስ ይውላል። አስካለች በረንዳው ላይ አገኘችው። ጢሙ አድጓል፤ የሚያሳዝን መልክ ነበረው።

«ኢንስፔክተር፣ እናቴ ናት፤ ምን ልበል?» አለ በለሆሳስ። «አሮጊት ናት። ከክፋት አይደለም፤ ካለማወቅ ነው። እባክዎ አይጨክኑባት። እኔ ሕፃኗን ነገ ጠዋት ማሻ ከተማ፣ አክስቴ ጋ እወስዳታለሁ።»

«አክስትህ ስለ በሽታው ታውቃለች?»

«ሕፃን ደግሞ ምን በሽታ አለባት?»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አስካለች ፊቷን አላኮሳተረችም። «አጥሚት ሠርተህላት ታውቃለህ?»

«እኔ? ወጥ ቤት ገብቼም አላውቅ።»

«እንዴት እንደሚሠራስ?»

«ዱቄት ውሃ ላይ በትኖ ማማሰል ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?»

«ዱቄቱስ ከየት ይመጣል?»

«እህል ይፈጫላ!» አለ ትከሻውን ሰብቆ።

ከሰዓት በኋላ አስካለች ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ለተብርሃን በር አጠገብ ቆመች፤ በየነች ሕፃኗን ታቅፋ ተቀመጠች፤ አሕመዲን ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ ፍሬአብ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር። ሲሞን ከግድግዳው ተደገፈ። መካከል ላይ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ውሃና የዱቄቱ ቆርቆሮ ተቀምጠዋል።

አስካለች እጅጌዋን ሰበሰበች። «ይሄ ከቆርቆሮው ታች የወጣው ነው» ብላ አንድ እፍኝ ዱቄት ለወሰች። ሊጡን ሳህኑ ውስጥ ነክራ ታሸው ጀመር። ሊጡ ተናደ፤ ውሃው ወተት መሰለ፤ እጇ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

«ይሄ ደግሞ ከላይ የወጣው።»

ይኸኛውን ለውሳ ጥቂት ካቆየችው በኋላ በሁለተኛው ሳህን ውስጥ አጠበችው። ነጩ እየሟሟ ወረደ፤ መዳፏ ላይ ግን ግራጫ፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ጓል ቀረ። በሁለት ጣቷ ይዛ ሳበችው፤ ተሳበ።

«በቆሎም ሩዝም እንዲህ አይሳብም» አለች። «ይሄ የስንዴ ነው። ማህደርን የገደላት ይሄ ነው።»

ለተብርሃን በየነች ላይ ልትጮኽ አፏን ከፈተች። አስካለች እጇን አነሣች።

«ቆይ። ወፍጮ ቤት ቢቀላቀል ኖሮ ከላይ እስከ ታች አንድ በሆነ። ታቹ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጋሽ አሕመዲን የለበትም። ስንዴው የተጨመረው እዚህ ቤት፣ ቆርቆሮው ጎደል ባለ ቁጥር ነው። እማማ በየነች ‹ጌታ ባረከልኝ› ያሉት ለዚህ ነው። ዱቄቱን የጨመሩት እሳቸው ቢሆኑ አላልቅ አለኝ ብለው ለፖሊስ ይነግራሉ?»

በየነች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሁለተኛ፣ የተጨመረው ጥሬ ነው። የአጥሚት እህል እንደሚቆላ ለተብርሃን ታውቃለች፣ ጋሽ አሕመዲን በጣቱ ይለያል፣ እማማ ራሳቸው ቆልተውታል። ከእነዚህ አንዳቸው ሊደብቁ ቢፈልጉ ስንዴውንም ቆልተው ያመሳስሉት ነበር። ለተብርሃን ደግሞ አጥሚቱ በተለወጠበት ሳምንት እዚህ አልነበረችም። ሁሉንም ጠየቅሁ። ዱቄት ሁሉ አንድ የመሰለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ፍሬአብ ዞረ።

«እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አላውቅም አልኩ እኮ!»

«ብዙ ጊዜ አለመግባትህን አምናለሁ። ያጋለጠህ እሱ ነው።» አስካለች ጓሉን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ውስጡ ጥፍር የምታህል ስስ፣ ቢጫ ልጣጭ ተጣብቃ ነበር። «ይህቺ የታጠበ ቡና የሚለብሰው ቅርፊት ናት። ቤት ውስጥ የምንቆላው ቡና ይህ የለበትም። ስንዴው የመጣው ማጠቢያ ጣቢያ በዋለ ከረጢት ነው። ሳጅን ታፈሰ!»

ውጭ የፍሬአብን ሞተር ሲፈትሽ የቆየው ረዳቷ ሳጅን ታፈሰ ከጎን ሣጥኑ ያወጣውን የናሙና ከረጢት ይዞ ገባ። ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ሲያራግፈው ነጭ ዱቄትና ቅርፊት አብሮ ወደቀ። ፍሬአብ ከወንበሩ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ።

«እንድትሞት አልነበረም!» አለ። «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው! ትንሽ እንዲያማት ብቻ ነው። ከታመመች ቴፒ አትሄድም፤ እዚሁ ትቀራለች። ልጄን ይዛ ልትሄድብኝ እኮ ነው! ፊቷ ላይ እሺ አልኩ፤ ምን ልበል? ሚስቴ ናት!»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። አስካለች ተረቱን እንኳ ለዚህ ሰው ማባከን አልፈለገችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ሳጅን ታፈሰ ስትናደድ እንዲህ እንደምትሆን ያውቃል።

«ትንሽ እንዲያማት ፈለግህ እንበል። ሆስፒታል ስትገባስ? ዶክተሩ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። እናትህ ‹በፍጹም› ያሉት እውነት መስሏቸው ነው። አንተስ? ‹ስንዴ በልታለች› ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብህ። ሦስት ቀን ሙሉ እናትህ በፔርሙስ አጥሚት ሲያመጡ፣ ቀና አድርገህ ደግፈህ አጠጣሃት። ምን እንዳለበት እያወቅህ።»

«ፈራሁ» አለ ፍሬአብ።

«እሷስ አልፈራችም? ከዚያም አልፈህ በእናትህ አላከክህ። ‹አሮጊት ናት፣ አይጨክኑባት› አልከኝ!»

ለተብርሃን ወደ እሱ ልትሄድ ስትል ሳጅን ታፈሰ ከለከላት፤ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። ሲሞን ፊቱን አዞረ። በየነች ግን አላለቀሰችም። ሕፃኗን ይዛ ብድግ አለች፤ ስትረግማት ወደዋለችው ሴት ሄዳ ልጅቷን እቅፏ ውስጥ አኖረችላት።

«ውሰጃት» አለች። «ትልቅ ሆና እስክትመረመር ስንዴና ገብስ እንዳታቀምሻት። ሰው ቢስቅብሽም አትስሚ። እኔም ስቄ ነበር።»

ለተብርሃን ሕፃኗን አጥብቃ ያዘች። «ይቅር በዪኝ፣ እናቴ» አለች። ሌላ መናገር አልቻለችም።

በየነች ወደ አስካለች ዞራ ነጠላዋን አስተካከለች። «አንቺ ልጄ፣ ቃሌን ተቀበዪኝ። በእጄ ያጠጣኋት እኔ ነኝ፤ ያንን ጻፊ። የጨመረው እሱ ነው፤ ያንንም ጻፊ። ዶክተሩ ሲጠይቅ አጠገቤ ቆሞ ነበር።»

«እማዬ!» አለ ፍሬአብ።

አላየችውም። «እናቱ መሆኔንም ጻፊ» አለች። «ፍርድ ቤት ቆሜ ምኑ ነሽ ሲሉኝ ምላሴ እንዳይተሳሰር፣ አሁን ይጻፍ።»

አስካለች ወንበር ሳበችላትና መጻፍ ጀመረች።