ለስታዲየሙ የተጻፈ ደብዳቤ

«ይምጡ! ይምጡ! ትንሽ ወደ ግራ... በቃ፣ በቃ!»

ካሪስ መዳፏን ከፍ አድርጋ መኪናውን አስቆመችው። የኋላ ጎማው ከአያቷ የጽጌረዳ ተክል አንድ ስንዝር ያህል ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት አውራ ጣቱን አሳያት፤ እሷም ወደሚቀጥለው መኪና ሮጠች።

ገና ጠዋት ነው፣ የቤታቸው ሣር ግን በመኪና ተሞልቷል ማለት ይቻላል። የቴሌቪዥን ጣቢያው የዩኒቨርሲቲውን ቡድን የዚህ ሳምንት ጨዋታ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ እንዲሆን የወሰነው ባለፈው እሑድ ነው። የጨዋታው ቀን ቅዳሜ መሆኑ ይታወቃል፤ ሰዓቱን ግን ጣቢያው ስድስት ቀን ሲቀረው ነው የሚናገረው፤ ሊጉ የፈረመው ውል እንደዚያ ይላል። ስለዚህ በዌልደን ከተማ ከመስከረም እስከ ኅዳር ቅዳሜን ለሰርግ የሚቆርጥ ሰው የለም። ቆርጦ ሙሽሮቹ መንገድ ተዘግቶባቸው ቢቀሩ የሚያዝንለት አያገኝም።

አያቷ አቶ አምብሮስ ሃርገት ብርቱካናማ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በር ላይ ቆመዋል። ቤታቸው ከስታዲየሙ የምሥራቅ በር ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በጨዋታ ቀን ሣራቸው ላይ መኪና አስቁመዋል። ደንበኛው ሁሉ የራሱ ቦታ አለው። ከደንበኞቹ አንዱ ሲሞት ቦታው አንድ የጨዋታ ወቅት ሙሉ ክፍት ይቀመጣል፤ ማንም ቢለምን አይሰጥም። ዘንድሮ ከዛፉ ሥር ያለው ባዶ ነው።

«አምብሮስ! አንተ ሰውዬ፣ ለምን አልነገርከንም?»

ወይዘሮ ቫንደርሚር ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር የሦስት ሰዓት መንገድ ነድተው እዚሁ ቤት ማቆም ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከስታዲየሙ በር የገዙትን የጨዋታ መጽሔት እያውለበለቡ መጡ።

«ምኑን ነው ያልነገርኩሽ?» አሉ አያቷ።

«የልጅ ልጅህ ደራሲ መሆኗን ነዋ! ይኸው፣ ሙሉ ገጽ!»

ካሪስ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ስለ ስታዲየሙ የጻፈችው ደብዳቤ ተመርጦ የፊታችን ማክሰኞ በከተማው ምክር ቤት እንደሚነበብ ካወቀች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአያቷ ደብቃለች። መጽሔት ላይ እንደሚታተም ግን ማንም አልነገራትም።

ወይዘሮ ቫንደርሚር መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ። «"ቅዳሜ ጠዋት አያቴ የቤታችንን ሣር ለእንግዳ ይከፍታሉ። እኔ ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች የእኔን ስም ያውቁታል። ስታዲየሙ ሲሰፋ የሚሰፋው ይህ ቤተሰብ ነው። እባካችሁ አስፉልን።" እንዴት ደስ ይላል! አንጀቴን በላችው እኮ!»

ባለቤታቸው ክንዳቸውን ቆንጠጥ አደረጓቸው። እሳቸውም ቀና ብለው የአቶ አምብሮስን ፊት አዩ፤ ቀጥሎ የበሩን አጥር አዩ፤ አጥሩ ላይ «መንገዳችን አይዘጋም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። መጽሔቱን ቀስ ብለው አጠፉት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አሉ አያቷ።

«አዎ አባባ። ሚያዝያ ላይ ነው። የትምህርት ቤታችን ማርሽ ባንድ ልጆች በሙሉ ስለ ስታዲየሙ ጻፉ ተባልን። ያኔ ካርታው አልወጣም ነበር።»

ካርታው የወጣው ነሐሴ ላይ ነው። አዲሱ የምሥራቅ መቀመጫና የቴሌቪዥን መኪኖች የሚቆሙበት ግቢ በሙሉ እነካሪስ በሚኖሩበት በላርች መንገድ ላይ ተስሏል። ዩኒቨርሲቲው ከስድስቱ ቤቶች አራቱን ገዝቷል። ምክር ቤቱ መንገዱን ለዩኒቨርሲቲው ከሰጠ የቀሩት ሁለቱ፣ የአያቷ ቤትም ጭምር፣ አይተርፉም።



«ጥሩ ጽሑፍ ነው» አሉ አያቷ። ከዚያ ፊሽካቸውን ነፉ። «ያቺን ሰማያዊ መኪና ወደ አጥሩ አስጠጊያት። ሰው መንገድ ላይ ቆሟል።»

ቢቆጧት በተሻላት ነበር።

እናቷ ሮኔል ከሰዓት በኋላ ከስታዲየሙ ትኬት ቢሮ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በባዶ እግሯ ወጥ ቤት ገባች።

«አየሽው? አለቃዬ ቆርጣ ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችው! "ይቺ የማን ልጅ ናት?" እያሉ ሲጠይቁ...»

«እማ፣ አባባ ሰሙ።»

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምን አሉ?»

«ጥሩ ጽሑፍ ነው አሉ።»

«ወይ አባዬ!» እናቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ማክሰኞ ባላነበውስ?»

«ለአለቆቼ ምን ብዬ ልንገራቸው ታዲያ? ሰባት ዓመት በጊዜያዊነት ሠርቻለሁ ካሪስ። በጥር ቋሚ እናደርግሻለን ብለውኛል። ልጄ ሐሳቧን ቀየረች ልበላቸው?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ አያቷ ውጭ የተረሱ ጠርሙሶችን ከሣሩ ላይ እየለቀሙ ነበር። «ነገሩም እኮ ውሸት አይደለም። ስታዲየሙ ካልሰፋ ሊጉ አያቆየንም። ሊጉ ከተወን ቴሌቪዥኑም ይተወናል። ቴሌቪዥኑ ከተወን እኔ ለማን ነው ትኬት የምሸጠው? ይቺ ከተማ ሌላ ምን አላት?»

«አባባስ?»

«አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምታስቢላቸው? ቀን ከእነሱ እበላለሁ፣ ማታ በእሳቸው ጣሪያ ሥር እተኛለሁ። የት ልቁም በያ? አንቺ ንገሪኝ።»

ካሪስ ወደ መስኮቱ ዞረች። በመስኮቱ ስታይ አያቷ ጎንበስ ቀና እያሉ ናቸው። ከኋላቸው የስታዲየሙ ግድግዳ ሰማዩን ግማሽ ድረስ ይዞታል። ልጅ ሳለች ያ ግድግዳ የቤታቸው አካል ይመስላት ነበር።

ሰኞ በሙዚቃ ክፍል ትሮምቦኗን ከሳጥኑ ስታወጣ ጁኖ የከበሮ ዱላዎቿን እያጋጨች መጣች። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት።

«ሰላም ነው ዝነኛዋ? ፊርማሽን ልውሰድ ወይስ ገና በወረፋ ነው?»

«ጁኖ፣ አትቀልጅ። ነገ ታመምኩ ብዬ ብቀርስ?»

«ኧረ ባክሽ! ጉድ ልታደርጊን ነው?» ጁኖ ዱላዎቿን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። «ስታዲየሙ ሲመረቅ ሜዳ ላይ የምንጫወተው እኛ ነን እኮ። አገር ሙሉ ሊያየን! እኔ ፀጉሬን እንዴት እንደምሠራ ሁሉ አስቤያለሁ።»

«አያቴን ከቤታቸው ሊያወጧቸው ነው።»

«ሌላ ቤት ይገዛሉ። እኛ ግን ሌላ ቲቪ አናገኝም።»

«እናንተ ቤት ላይ ካሜራ ይትከሉበትና እናያለን!»

«ቢተክሉበት እልል ነበር የምለው። የእኛ ኪራይ ነው ባክሽ፤ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የምንባረረው። ለእኛ ግን ማንም ሰሌዳ አይሰቅልም።» ጁኖ ይህን ስትል አልሳቀችም። 

ካሪስ የሙዚቃ አስተማሪያቸውን ከክፍለ ጊዜው በኋላ ጠበቀቻቸው። ሚስተር ኦክሊ ክፉ ሰው አይደሉም። ትሮምቦን መግዛት ባልቻለች ጊዜ የራሳቸውን ያዋሷት እሳቸው ናቸው።

«ሚስተር ኦክሊ፣ ደብዳቤውን ሌላ ልጅ ቢያነብልኝስ?»

«ፈራሽ? ሁሉም ይፈራል። የተሰጠሽ ሦስት ደቂቃ ነው። እንዳለ አንብቢው፣ ምንም አትጨምሪ፣ ምንም አትቀንሺ። ከዚያ ተቀመጪ። አለቀ።»

«እሱ አይደለም...»

«ካሪስ፣» አሉ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። «ስልሳ አራት ልጅ ነው ያለኝ። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች አዲስ የደንብ ልብስ ቃል ገብተውልናል። ደግሞ የፈለጉት ያንቺን ድምፅ ነው።»

በዚያው ምሽት እራት ቀርቦ አያቷ እንደ ልማዳቸው ጸለዩ። ጸሎታቸው ረዥም ነው፤ ሾርባው ይቀዘቅዛል። ለጎረቤት ጸለዩ፣ ለታመሙት ጸለዩ፣ ለምክር ቤቱ ሰዎች አንድ በአንድ በስማቸው ጸለዩ፤ ለቡድኑ አሠልጣኝ እንኳ ጸለዩ። ካሪስ የራሷን ስም ጠበቀች። «ካሪስንም» አሉ ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ አሜን አሉ።

እናቷ ሳህን ለማጠብ ስትነሳ ካሪስ ወደ አያቷ ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ነገ ይናገራሉ?»

«እኔ ንግግር አልችልበትም። ሄጄ እቀመጣለሁ። ሰው ተቀምጦም ይቆጠራል።»

«እኔ ላንብበው ወይስ ልተወው?»

አያቷ ዳቦውን ቆረሱ። «ስትጽፊው ውሸት ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲህ እውነት ነው የጻፍሽው። ካርታው ነው በኋላ የመጣው። እኔ አታንብቢ ብልሽ እናትሽን እጎዳታለሁ። አንብቢ ብልሽ ደግሞ ውሸታም እሆናለሁ።» ዳቦውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ብዪ።»

ካሪስ ሌሊቱን ሁሉንም በር በሐሳቧ ሞከረችው። ብትታመም እናቷ ትጠየቃለች። ብትቀድደው ባንዱ ይጠላታል። ብታነበው አያቷ ያን የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው ይሰሟታል። ከእያንዳንዱ በር ጀርባ የምትወደው ሰው ቆሟል።

ማክሰኞ የምክር ቤቱ አዳራሽ መቀመጫ አልተረፈውም። በቀኝ በኩል የቡድኑን ቀይ ሹራብ የለበሰ ሰው ረድፍ በረድፍ ተቀምጧል፤ እናቷ ከቢሮ ባልደረቦቿ ጋር እዚያ ናት። በግራ የላርች መንገድ ሰዎች ናቸው፤ የሸጡትም ሳይቀሩ መጥተዋል። ሲደመሩ ዘጠኝ ናቸው። አያቷ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ግድግዳው ላይ ካርታው ተሰቅሏል፤ የሚዘጋው መንገድ በቀይ ተቀብቷል።

ተናጋሪው ሁሉ መጀመሪያ ስሙንና አድራሻውን ለመዝገብ ይናገራል። ጸሐፊዋ ትጽፋለች፤ ከዚያ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል።

ከካሪስ በፊት የተነሱት ቀይ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ።

«አድራሻዎ?» አለቻቸው ሰብሳቢዋ።

«ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ልቤ ግን እዚሁ ይኖራል!»

አዳራሹ ሳቀ፤ በቀኝ ያሉት አጨበጨቡ። ሽማግሌው ስለ ቴሌቪዥኑ ውል፣ ስለ ስልሳ ሺህ መቀመጫ፣ ከሊጉ ስለ መውደቅ ተናገሩ። ጥሩ ተናገሩ። ልባቸው እዚህ የሚኖረው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው፣ አለች ካሪስ በሐሳቧ፤ ወዲያው ግን ወይዘሮ ቫንደርሚር ትዝ አሏትና አፈረች።

«ቀጥሎ አንቺ ነሽ» አሉ ሚስተር ኦክሊ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው። «አድራሻ ሲጠይቁሽ የትምህርት ቤቱን ስጪ። ለተማሪ ይፈቀዳል፤ ለአንቺም ይሻላል።»

ከመቀመጫዋ እስከ ማይክሮፎኑ አሥር እርምጃ ነበር።  ማይክሮፎኑ ለሽማግሌው ቁመት ተስተካክሎ ስለነበር ወደ ታች ሳበችው፤ ሲጥጥ አለ።

ደብዳቤውን አየችው። «ቤታችን» የሚለው ቃል አምስት ቦታ አለ። ቤቱ የት እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ሚያዝያ ላይ መጻፍ አላስፈለጋትም ነበር፤ የቤታቸውን ቦታ የማያውቅ ማን ነበር? አሁን ግን የትምህርት ቤቱን አድራሻ ከሰጠች ያ ቤት የትም ሊሆን ይችላል። ሣሩም፣ አያትዬውም የየትኛውም መንደር ናቸው።

«ስምሽንና አድራሻሽን፣ የእኔ ልጅ» አለች ሰብሳቢዋ በፈገግታ።

ካሪስ ወደ ቀኝ አላየችም፤ ወደ ግራም አላየችም።

«ካሪስ ሃርገት» አለች።  «ላርች መንገድ። የቤት ቁጥር አራት መቶ አሥራ ስምንት።»

ከኋላዋ የአንድ ሰው ወንበር ተንቋቋ። ከምክር ቤቱ ሰዎች አንዱ አንገቱን አዙሮ ካርታውን ተመለከተ። የሰብሳቢዋ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። ጸሐፊዋ ጣቶቿን ከመጻፊያው ላይ አንስታ ቀና አለች።

«ይቅርታ፣ ቁጥሩን ትደግሚልኛለሽ?»

«አራት መቶ አሥራ ስምንት።»

በዚህኛው ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ጸሐፊዋ ጽፋ እስክትጨርስ ቆማ ጠበቀቻት። ከዚያ ወረቀቱን አቃንታ፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ ማንበብ ጀመረች።